የሕክምና ኑዛዜ ምንድን ነው?

እናት ታማ ሆስፒታል ስትገባ ልጆች ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይይዙትና «ለእሷ እንዳትነግራት፣ ለእኛ ንገረን» ይላሉ። ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርማ። አሜሪካ ያለ ሐኪም ግን የሚጠይቀው ራሷን ነው። መናገር ካልቻለችስ? የሕክምና ኑዛዜ የሚጻፈው ለዚያ ቀን ነው።

ሰነዱ ሁለት ነገር ይይዛል። አንዱ፣ ራሴን ብስትና የመዳን ተስፋ ባይኖረኝ በመተንፈሻ ማሽን ልቆይ ወይስ ይቅር፣ በቱቦ ልመገብ ወይስ አልመገብ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ በእኔ እምነት ዋናው፣ ስለ እኔ የሚወስነው ማን ይሁን የሚለው ነው። በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ለዚህ ጠበቃ አያስፈልግም፤ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። እንዲወስን የተመረጠው ሰው፣ ማለትም ተወካዩ፣ ራሱ ግን ምስክር መሆን አይችልም።

ተወካይ ካልተመረጠ ሕጉ በተራ ይሄዳል። መጀመሪያ የትዳር ጓደኛ፣ ከዚያ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች። ልጆች ሁሉ እኩል ናቸው። እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ስታስታምም የከረመችው ልጅ «ይብቃት፣ አታሠቃዩአት» ትላለች። ከአዲስ አበባ የሚደውለው ወንድሟ «እናቴ በሕይወት እያለች ማሽን አይነቀልም!» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከፍቅር ነው። እንዲህ ያለ ጠብ ግን ተዝካር ካለፈም በኋላ አይበርድም።

«ይሄ ማለት ሰው በሐኪም እንዲሞት መፍቀድ አይደለም ወይ?» የሚሉ አሉ። አይደለም። ያ ሌላ ሕግ ነው። ኦሪገን ከ1997፣ ዋሽንግተን ዲሲ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። ከስድስት ወር በላይ እንደማይኖር ሁለት ሐኪሞች ያረጋገጡለት ሰው ራሱ ጠይቆ፣ መድኃኒቱንም ራሱ ይወስዳል። ተወካይ ሊጠይቅለት አይችልም። የሕክምና ኑዛዜ ላይ ግን «ዕድሜ የእግዚአብሔር ነው፣ የሚቻለው ሁሉ ይደረግልኝ» ብሎ መጻፍም መብት ነው። የነፍስ አባቴ ይጠሩልኝ ማለትም ይቻላል።

ከባዱ ወሬውን መጀመር ነው። «እማዬ፣ ድንገት ብትታመሚ…» ሲሏት «ምነው ሟረትሽብኝ!» ትላለች። ከራስ መጀመር ይቀላል። «እኔ እህቴን ወክያለሁ፤ አንቺ ብትሆኚ ማንን ትመርጫለሽ?» ብትሏት መልሷ ቶሎ ይመጣል። ያኔ ወረቀቱን አብራችሁ ሙሉ፣ ቅጂውንም ለተወካዩና ለሐኪሟ ስጡ። የአምቡላንስ ሠራተኞች ግን በዚህ ሰነድ አይሠሩም። ልቧ ቢቆም ደረቷን እየተጫኑ ሊመልሷት እንዳይሞክሩ የምትፈልግ ከሆነ ሐኪም የሚፈርምበት ሌላ ቅጽ አለ። እሱን ከሐኪሟ ጠይቁና ቤት ውስጥ በቀላሉ የሚታይ ቦታ አስቀምጡት።