«ኢንጀክሽን ኢንጁሪ» ሲባል መርፌ አይደለም
ምግብ ፋብሪካ ውስጥ በፕሬሸር ማሽን የሚያጥቡ ልጆች ሴፍቲ ስልጠና ላይ ይቺን ቃል ሲሰሙ ብዙዎቹ በመርፌ መወጋት ነው የሚመስላቸው። አይደለም። መርፌ የሚሆነው ውሃው ራሱ ነው፣ ከኖዝሉ (ውሃው ከሚወጣበት ጫፍ) በጣም ቀጥኖ ሲወጣ ቆዳ በስቶ ይገባና ከነኬሚካሉ ከነቆሻሻው ከቆዳ ስር ይሰራጫል ማለት ነው። ቆዳ ለመብሳት 7 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ይበቃል፣ የፋብሪካ ማሽን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ100 ባር በላይ ነው፣ እንግዲህ አስቡት።

የሚሸውደው ቁስሉ ነው። ከላይ ስታዩት ትንሽ ነጥብ ናት፣ ደምም ብዙ የላት፣ መጀመሪያ ላይ ህመሙ ራሱ ቀላል ሊሆን ስለሚችል ሰውየው ፕላስተር ለጥፎ ስራውን ይቀጥላል፣ ውስጡ ግን እያበጠ የደም ዝውውሩን ያፍነዋል፣ ጣት እስከመቆረጥ የሚደርሰውም በዚህ ነው እኮ። ውሃው ኮስቲክ ሶዳ ወይ ክሎሪን ያለበት ከሆነማ ይብሳል። ስለዚህ «ትንሽ ጫረኝ» ብላችሁ ሪፖርት አታድርጉ፣ «በሃይ ፕሬሸር ተወግቻለሁ» በሉና ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ፣ ኬሚካሉም ምን እንደነበር ለሀኪሙ ንገሩት።

አንዳንዱ ደግሞ ማሽኑን አጥፍቶ ኖዝል ሲቀይር ነው የሚመታው። ሞተሩ ቢጠፋም የውሃ ጎማው ውስጥ ግፊት ይቀራል፣ መጀመሪያ ትሪገሩን ወደ ባዶ ቦታ ይዛችሁ ተጫኑትና አስወጡት።