በብርሃን የሚዞር የሞለኪውል ሞተር ምንድን ነው?

ሐዋሳ ላይ ሳይክል የነዳ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ፔዳሉን ወደ ኋላ ስታዞሩት ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ሳይክሉ ግን ወደ ኋላ አይሄድም። ሰሞኑን የሰፈራችን ሳይክል ጠጋኝ ያንን ክፍል ፈቶ ሲያጥብ ቆሜ አየሁ። ዙሪያውን ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ጥርሶች፣ መሃሉ ላይ ደግሞ በቀጭን ሞላ የተወጠሩ ትንንሽ ምላሶች አሉ። ወደ ፊት ሲሆን ምላሱ ጥርሱን ይይዛል። ወደ ኋላ ሲሆን ተንሸራቶ ያልፋል።

የሞለኪውል ሞተር፣ ማለትም ራሱ አንድ ሞለኪውል ብቻ የሆነ ሞተር፣ ትልቁ ጥያቄም ይኸው ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መዞር። ማንቀሳቀሱማ አይከብድም። አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያሉ ሞለኪውሎች ሌት ተቀን ይገፋፋሉ፣ ይሽከረከራሉ። ግን ወዲያም ወዲህም ነው፤ የትም አያደርስም።

በ1999 እ.ኤ.አ. ሆላንዳዊው ኬሚስት ቤን ፌሪንጋና ባልደረቦቹ መላ አገኙ። የሠሩት ሞለኪውል ሁለት ክንፎች አሉት። የሚያገናኛቸው በሁለት የካርቦን አቶሞች መካከል ያለ ድርብ ትስስር ነው። ድርብ ትስስር እንደ ተቆለፈ በር ነው፤ እንደ ልብ አያዞርም። አልትራቫዮሌት የሚባለው ዓይን የማያየው ብርሃን ሲያርፍበት ቁልፉ ለቅጽበት ይላላል፤ አንዱ ክንፍ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል። አሁን ክንፎቹ ተጣበዋል፣ ጠርዛቸው ይጋፋል። የአካባቢው ሙቀት ነቅነቅ ሲያደርጋቸው አንዱ በሌላው ላይ ሾልኮ ያልፍና ዘና ይላል። ከዚህ በኋላ በመጣበት መመለስ ዳገት ነው። ጠቅ የምትለዋ ያቺ ናት! ሌላ ብርሃን፣ ሌላ ጠቅ፤ አንድ ዙር ሞላ።

እዚህ ላይ ከሳይክሉ የሚለይበትን ልብ በሉ። ብርሃኑ ከሌለ ሙቀት ብቻውን፣ ጥርሱ የቱንም ያህል ቢያዘነብል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ አያዞረውም። ጉልበቱ የሚመጣው ከብርሃኑ ነው።

የመጀመሪያው ሞተር ቀርፋፋ ነበር። በኋላ የተሠሩት በሰከንድ እስከ 12 ሚሊዮን ጊዜ መዞር ችለዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ፌሪንጋ የኬሚስትሪ ኖቤልን ከዣን ፒየር ሶቫዥና ከፍሬዘር ስቶዳርት ጋር ተካፈለ። ሶቫዥ በ1983 እ.ኤ.አ. ሁለት የሞለኪውል ቀለበቶችን እንደ ሰንሰለት ያቆላለፈ ሰው ነው።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የፌሪንጋ ቡድን የሠራው ሌላ ሙከራ ነው። ሞተሮቹን በስስ የፈሳሽ ክሪስታል (እንደ ፈሳሽ የሚፈስ፣ ሞለኪውሎቹ ግን በሥርዓት የተሰለፉ ነገር) ንጣፍ ውስጥ ቀላቀሏቸው፤ ላዩ ላይ 28 ማይክሮሜትር የምትረዝም የመስታወት ዘንግ አስቀመጡ። ዘንጓ ከአንዱ ሞተር በ10,000 እጥፍ ትበልጣለች። ብርሃን ሲያበሩበት ዘንጓ በማይክሮስኮፕ ሥር መዞር ጀመረች።