ለዕረፍት የሚመረጡ የዓለማችን የባሕር ዳርቻዎችና ደሴቶች

ለዕረፍት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው የባሕር ዳርቻ የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ፎቶግራፍ አይቶ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውኃና ዘንበል ያለ የኮኮናት ዛፍ አይጠፉም። በፎቶግራፍ መንትያ የሚመስሉ ሁለት ዳርቻዎች ግን በተፈጥሯቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አንዱን ኮራል የተባለው የድንጋይ አጥንት የሚሠራ ደቃቅ የባሕር እንስሳ ገንብቶታል፣ ሌላውን የበረዶ ግግር ፈልፍሎታል፣ ሌላውን ደግሞ እሳተ ገሞራ ከባሕር ወለል አንሥቶታል። ዳርቻው በምን እንደተሠራ ያወቀ መንገደኛ ምን እንደሚያይ፣ መቼ መሄድ እንዳለበትና ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባው ግማሹን ያህል አውቋል።

በሕንድ ውቅያኖስ የምትገኘው ማልዲቭስ ከእግር እስከ ራሷ የኮራል ሥራ ናት። ወደ 1,200 የሚጠጉ ደሴቶቿ በ26 አቶሎች ተሰባስበዋል። አቶል መሐሉ ጥልቀት የሌለው የተረጋጋ ውኃ የሆነ የኮራል ቀለበት ነው። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው መጽሐፍ አፈጣጠሩን ሲያስረዳ፣ ኮራል በእሳተ ገሞራ ደሴት ዙሪያ ይበቅላል፤ ደሴቱ ቀስ በቀስ ሲሰምጥ ኮራሉ ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ መገንባቱን ይቀጥላል፤ በመጨረሻ ደሴቱ ጠፍቶ ቀለበቱ ይቀራል ይላል። አሸዋውም የመጣው ከዚያው ከኮራሉ ነው። የዓይን ጭንብል አጥልቆ ፊቱን ውኃ ውስጥ የነከረ ሰው ቆርጠም ቆርጠም የሚል ድምፅ ይሰማል። ድምፁ የበቀቀን ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ የወፍ ምንቃር በሚመስል ጠንካራ ጥርሱ ከኮራሉ ላይ አልጌ ሲግጥ ድንጋዩንም አብሮ ይቆረጥማል፤ ሆዱ ውስጥ ፈጭቶም ከኋላው እንደ ነጭ ጭስ ይለቀዋል። ጭሱ ሲረጋ አሸዋ ይሆናል። አንድ ትልቅ በቀቀን ዓሣ በዓመት በመቶዎች ኪሎ ግራም የሚቆጠር አሸዋ ሊያወጣ ይችላል። ሰው ባዶ እግሩን የሚመላለስበት ያ ነጭ ዳርቻ በአብዛኛው በዓሣ ሆድ ያለፈ መሆኑን ሳስብ ለቦታው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

የማልዲቭስ ደረቅ ወቅት ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ሲሆን ጎብኚ የሚበዛውም ያን ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ማንታ የተባሉትን ክንፋቸው የተንሰራፋ ግዙፍ ዓሦች ማየት የሚሻ ሰው ዝናቡን መታገሥ አለበት። «ባ» በተባለው አቶል ውስጥ ወደሚገኘው የሀኒፋሩ ባሕረ ሰላጤ በብዛት የሚመጡት የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ደቃቅ የባሕር ምግብ ሲያከማችላቸው ነው። እዚያ በአየር ጋን መጥለቅ አይፈቀድም፤ መንሳፈፍ ብቻ ነው። የአገሪቱ ምድር በአማካይ ከባሕር ጠለል በላይ 1.5 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ማለቱንም መርሳት አይገባም። ውቅያኖሱ በጨመረ ቁጥር መሬቷ ይቀንሳል።

ከዚያ በስተ ደቡብ ምዕራብ የምትገኘው ሲሸልስ ጎረቤት ብትሆንም ዝምድናዋ ሌላ ነው። ማሄ፣ ፕራስሊንና ላ ዲግ የተባሉት ዋና ዋና ደሴቶቿ ዕድሜው ወደ 750 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ግራናይት ናቸው፤ ከጥንታዊው የጎንድዋና አህጉር ተቆርሰው ውቅያኖስ መሐል የቀሩ ቁራጮች። በላ ዲግ ዳርቻ የቆሙት ለስላሳና ግዙፍ ድንጋዮች ውበታቸውን ያገኙት ከዚህ ዕድሜ ነው። በፕራስሊን የሚገኘው የቫሌ ደ ሜ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1983 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያ የሚበቅለው የኮኮ ደ ሜር ዘንባባ የሚያፈራው ዘር ከዕፅዋት ዘር ሁሉ ትልቁ ሲሆን፣ ዛፉ በተፈጥሮ የሚበቅለው በሲሸልስ ብቻ ነው። ሲሸልስ ሄዶ ባሕሩን ብቻ አይቶ መመለስ ያስቆጫል።

የባሕር ሙላትና ሽሽት ምን ያህል ጉዞን እንደሚወስን ለመረዳት ከዛንዚባር የተሻለ አስተማሪ የለም። ኡንጉጃ በተባለው በዋናው የዛንዚባር ደሴት ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ በኩል፣ ማለዳ በራፉ ላይ ባሕር ያየ ሰው ከሰዓታት በኋላ ሲመለስ ውኃው እስከ ሩቁ የኮራል አጥር ሸሽቶ ሊያገኘው ይችላል። ለመዋኘት የመጣ እንግዳ ይበሳጫል። እኔ ግን የዳርቻው ትልቁ ሰዓት ያ ነው ባይ ነኝ። ውኃው ሲሸሽ ሴቶች ወደ ተገለጠው አሸዋ ይወርዳሉ፤ በችካሎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ያሰሩትን የባሕር አረም ይፈትሻሉ፣ ያደገውን ይለቅማሉ፣ በምትኩ ሌላ ቡቃያ ያስራሉ። ሥራው የሚያበቃው ባሕሩ ተመልሶ ወገባቸው ሲደርስ ነው። ሙላቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይመጣል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ደግሞ ልዩነቱ ይበረታል። ቀኑን ሙሉ መዋኘት የሚፈልግ ሰው በሰሜን ጫፍ ወዳሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ቢሄድ ይሻለዋል። ረጅሙ የዝናብ ወቅት ከማርች እስከ ሜይ ስለሆነ ጉዞን ከዚያ ውጭ ማድረግ ነው። በጆዛኒ ደን የሚኖረው ቀይ ኮሎበስ ጦጣም ከዛንዚባር ደሴቶች በቀር በሌላ አገር ደን ውስጥ አይገኝም።

የአውስትራሊያው ታላቁ የኮራል አጥር ከ2,300 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል፤ 2,900 ያህል የኮራል ቁልሎችንም ያቀፈ ነው። ቀለሙን የሚሰጡት በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች ናቸው። እነርሱ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራሉ፣ ኮራሉ መጠለያ ይሰጣል። ባሕሩ ከተለመደው የበጋ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ ይህ ትዳር ይፈርሳል፤ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣና አጥንቱ እስኪታይ ይነጣል። የነጣ ኮራል ወዲያው አይሞትም፤ ውኃው ቶሎ ከቀዘቀዘለት ያገግማል። ሰፊ መንጣት እ.ኤ.አ. በ1998፣ በ2002፣ በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 ደርሷል። በዓመታቱ መካከል ያለው የማገገሚያ ጊዜ እያጠረ መምጣቱ ልብ የሚሰብር ነው። ጎብኚው በበኩሉ ኮራሉን አለመርገጥና አለመንካት ይችላል። ከኖቬምበር እስከ ሜይ በዋናው ምድር ዳርቻ አደገኛ መርዛማ ጄሊፊሾች ስለሚኖሩ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ ለብሶ መዋኘት ግዴታ ያህል ነው።

ሞቃት ውኃን ብቻ የባሕር ዕረፍት አድርጎ የሚያስብ ሰው ጋላፓጎስን ቢያይ ሐሳቡን ይቀይራል። እነዚህ የኢኳዶር ደሴቶች ከአህጉሩ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቀው የምድር ወገብ ላይ ቢቀመጡም ቀዝቃዛ የባሕር ጅረቶች ስለሚያገኟቸው ፔንግዊን ይኖርባቸዋል። በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቀው የባሕር ኢጓና የተባለው ትልቅ እንሽላሊት ውኃ ውስጥ ጠልቆ አረም ይግጣል፤ ሲወጣም በምግቡ የገባበትን ትርፍ ጨው በአፍንጫው ፍንጥቅ አድርጎ ያስነጥሰዋል፤ ደርቆ በግንባሩ ላይ የቀረው ጨውም ነጭ ቆብ ይመስላል። እንስሳቱ ሰውን አይሸሹም፤ ስለዚህ መራቅ ያለበት ሰው ነው። ሕጉ ሁለት ሜትር ርቀት እንዲጠበቅ ያዛል፤ በብሔራዊ ፓርኩ የጉብኝት ሥፍራዎችም ያለ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መዘዋወር አይቻልም።

ኖርዌይ አሸዋ ለሚሻ አትሆንም። ፊዮርዶቿ የበረዶ ግግር የቦረቦራቸው ሸለቆዎች ሲሆኑ ግግሩ ሲያፈገፍግ ባሕር ሞላቸው። ሶግነፊዮርድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ጥልቀቱም ወደ 1,300 ሜትር ይደርሳል። የጋይራንገር ፏፏቴዎች የሚያምሩት የተራራው በረዶ በሚቀልጥባቸው በሜይና በጁን ነው። የቬትናሙ ሃሎንግ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ወደ 1,600 በሚጠጉ የኖራ ድንጋይ ደሴቶች የተሞላ ነው። ስሙ «የሚወርድ ዘንዶ» ማለት ነው።

የትኛውም ዳርቻ ላይ ለሚዋኝ ሰው አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ሞገዱ ወደ ዳር ያመጣው ውኃ አንዳንድ ጊዜ በጠባብ መስመር ተጠራቅሞ ወደ ጥልቁ ይመለሳል፤ በዚያ መስመር የገባን ዋናተኛም ይዞት ይሄዳል። ጅረቱ ወደ ታች አያሰምጥም፤ የሚገድለው ፊት ለፊት ታግሎ መድከም ነው። ሳይደናገጡ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ከመስመሩ መውጣትና ከዚያ ወደ ምድር መመለስ ያድናል።

በመጨረሻ፣ የታይላንዱ ማያ ባሕረ ሰላጤ። በገደል የተከበበችው ይህች ትንሽ ዳርቻ ዝነኛ ከሆነች በኋላ በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጎርፍባት ጀመር፤ የጀልባ መልሕቅ ኮራሏን ሰባበረው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ዘጋት። ተመራማሪዎች በሌላ ቦታ ያሳደጉትን ኮራል አምጥተው ተከሉ፣ ክንፈ ጥቁር ሻርኮችም ወደ ጥልቀት አልባው ውኃ ተመለሱ። በጃንዋሪ 2022 ዳግም ስትከፈት ጀልባዎች በደሴቱ ጀርባ እንዲቆሙ ተደረገ፤ እንግዳው ከዚያ በእግሩ ተሻግሮ ይመጣል፣ የሚገባው ሰው ቁጥርም ተወስኗል። በየዓመቱ በኦገስትና በሴፕቴምበር ማንም አይገባባትም፤ በእነዚያ ሁለት ወራት ውኃው የሻርኮቹ ነው።