ብሎ ባይ ምንድን ነው? የዘይት ክዳን ከፍተው ለሚፈርዱ

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ያገለገለ የናፍታ ፒክአፕ ለሚገዙ ሰዎች ምክር ሲለግስ አየሁ። «ሞተሩን አስነሳ፣ የዘይት ክዳኑን ክፈት፣ ከጨሰ ብሎ ባይ አለው፣ ጥለኸው ሂድ» ይላል። በዚህ ምክር ስንት ደህና ሞተር ተንቋል፤ ስንት ያለቀለትም ተገዝቷል!

ወንድሜ፣ ብሎ ባይ የሌለው ሞተር የለም። ሲሊንደር ውስጥ ከሚታመቀውና ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተን ሪንጎቹ (ፒስተኑን ዙሪያውን አቅፈው ጋዝ እንዳያልፍ በሚከላከሉት ቀለበቶች) ጎን ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል። ብሎ ባይ ማለት ይኸው ነው። ፋብሪካውም ስለሚያውቀው መተንፈሻ ቱቦ አበጅቶለታል። መጠየቅ ያለበት መጠኑ ነው።

የብስክሌት ጎማ መንፊያን አስቡት። አዲሱም ቢሆን ትንሽ አየር በጎን ያመልጠዋል። ቶሎ ቶሎ ከነፋችሁ አይታወቅም፤ ቀስ ካላችሁ ግን አየሩ ለማምለጥ ጊዜ ያገኛል። ሞተርም እንዲሁ ነው። ባትሪው ደክሞ በዝግታ ካዞረው ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደር ውስጥ የታመቀው አየር ግፊት) ሲለካ ዝቅ ብሎ ይነበባል፣ ሪንጉም በማያውቀው ይወቀሳል። ላረጀ መንፊያ ዘይት ጠብ ብታደርጉለት ደግሞ ለጊዜው ይይዛል። አንዳንድ ሻጭ ወፍራም ዘይት ሞልቶ የሚጠብቃችሁ ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የቤንዚን ሞተር ሲሊንደር ውስጥ ዘይት አንጠብጥቦ ኮምፕሬሽን መልሶ መለካት የተለመደ ነው። ናፍታ ላይ እንዳትሞክሩት። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ክፍተት በጣም ጠባብ ስለሆነ ዘይቱ ራሱ ቦታ ይይዝና ንባቡን ያሳስታል። ከበዛም ቢየላውን፣ ማለትም ፒስተኑን የሚገፋውን ዘንግ፣ ያጎብጣል። ለቤንዚን ሞተር የተሠራ የኮምፕሬሽን መለኪያም አይሆንም፤ ጤነኛ ናፍታ ብዙ ጊዜ ከ25 ባር በላይ ይሰጣል።

ወደ ክዳኑ እንመለስ። የቤንዚን ሞተር በአየር መግቢያው በኩል ያለው ስበት ይህን ጋዝ መጥጦ ይወስደዋል። ናፍታ ያ ስበት ብዙም የለውም። ስለዚህ ክዳኑ ሲከፈት ሽው ቢል አይግረማችሁ። በአንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከክዳኑ ሥር ስለሚሽከረከር ትንፋሹ እፍ እፍ ይላል። በጠዋት ብርድ የሚታየው ነጭ ነገርም ብዙ ጊዜ እንፋሎት ነው፤ ወዲያው ይጠፋል። የዘይት ጭስ ሰማያዊ ይመስላል፣ አየር ላይም ይቆያል።

እሺ፣ በዛ እንበል። ክዳኑን ገልብጣችሁ አፉ ላይ ስታስቀምጡት ዘሎ ወደቀ፣ ጭሱም አላቋርጥ አለ። አሁንስ ሪንጉ ነው? ምናልባት። መተንፈሻው በዘይት ዝቃጭ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ቱርቦው (አየር እያመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) አልቆ ግፊቱን በዘይት መመለሻው በኩል እየላከ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው የፍሬኑ ቫኪዩም ፓምፕ ነው። መግቢያ ላይ ስበት ስለሌለ ናፍታ ለፍሬኑ የራሱ ፓምፕ አለው፤ በብዙ ሞተሮች ላይ የሚስበውን አየር የሚተፋው እዚያው ዘይቱ ወዳለበት ነው። የፍሬኑ ቱቦ ከተቀደደ ፓምፑ ያለማቋረጥ አየር ይተፋል፣ እናንተ ሞተር ልታወርዱ ትነሳላችሁ።

ስለዚህ ሻጩ መኪናውን አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ ንገሩት፤ ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳብሱ። መተንፈሻ ቱቦው ከቦታው ተነቅሎ ወደ መሬት እንዳልዞረ እዩ። ከዚያ ዳገት ላይ በጭነት ንዱት። ቆማችሁ የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተገፍቶ ወጥቶ ካገኛችሁት፣ ወይም መተንፈሻው ዘይት እየተፋ ከሆነ፣ ያ በቆመ መኪና ላይ ከታየ ጭስ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ ፒስተኑ ጫፍ ላይ እያለ በኮምፕሬሰር አየር ሲሊንደሩ ውስጥ የሚያስገባ መካኒክ ፈልጉ። አየሩ በዘይት መሙያው ሲተነፍስ ከተሰማ ሪንግ ወይም ሲሊንደር ነው፤ በማርሚታው ከወጣ የጭስ ማስወጫው ቫልቭ። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካስነሳ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወይም ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ ነው፤ ይህንንም ብሎ ባይ ነው ብሎ የተከራከረኝ ሰው አለ።