የብግነት መልእክቶችና የለምለም አጥንት ኢንዛይሞች

ለምለም አጥንት የአጥንቶችን ጫፍ ሸፍኖ መገጣጠሚያ እንዳይፋተግ ያደርጋል። የደም ስር የለውም። ኮንድሮሳይት የሚባሉት ህዋሶቹ ዙሪያቸውን ያለውን መረብ፣ ማለትም ጠንካራ ክር የሆነውን ኮላጅንና ውኃ የሚይዘውን አግሪካን፣ ራሳቸው ይሠራሉ። ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ሲነሳ ግን የሠሩትን መልሰው ያፈርሳሉ። ለዚህ የሚያነሳሷቸው ሳይቶካይን የሚባሉ የመልእክት ፕሮቲኖች ናቸው፤ በተለይ ኢንተርሉኪን-1 እና ቲኤንኤፍ-አልፋ።

ይህን እውቀት በብዛት ያገኘነው ከእንግሊዟ ካምብሪጅ ነው። ስትሬንጅዌይስ ላቦራቶሪ እዚያ የተቋቋመው በ1905 እ.ኤ.አ. የመገጣጠሚያ በሽታን ለማጥናት ነበር። ተመራማሪዋ ዴም ኦነር ፌል ከ1929 እስከ 1970 መርተውታል። ኃላፊነቱን ካስረከቡ በኋላም ምርምሩን አልተዉም። በ1977 ከባልደረባቸው ጁብ ጋር ያወጡት ሥራ ዛሬም ድንቅ ነው። የአሳማ ለምለም አጥንትንና የመገጣጠሚያን ውስጠኛ ሽፋን አንድ ሳህን ውስጥ አኖሩ። ሁለቱ ሳይነካኩ እንኳ ለምለም አጥንቱ ተበላ። የለምለም አጥንቱ ህዋሶች አስቀድመው ከተገደሉ ግን ሽፋኑ ከርቀት ምንም አላደረገውም። ስለዚህ ሽፋኑ ከርቀት የሚልከው መልእክት ነው፤ የማፍረሱን ሥራ የሚሠሩት ህያዋኑ ህዋሶች ናቸው። መልእክተኛው ካታቦሊን ተባለ። በ1985 ጄረሚ ሳክላትቫላና ባልደረቦቹ አጣርተው ሲያወጡት ኢንተርሉኪን-1 ሆኖ ተገኘ። በዓመቱ ሳክላትቫላ ቲኤንኤፍም ተመሳሳይ ጉዳት እንደሚያደርስ አሳየ።

መልእክቱ ህዋሱ ላይ ሲያርፍ መልእክቱን ወደ ውስጥ የሚያስተላልፉ እንደ ፒ38 እና ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ያሉ መስመሮች ይነቃሉ። የአፍራሽ ኢንዛይሞች ምርት ይጨምራል፤ አዲስ አግሪካን መሥራቱ ደግሞ ይቀንሳል። ላቦራቶሪ ውስጥ መጀመሪያ የሚሄደው አግሪካን ነው፤ ቀናት ይበቁታል። ኮላጅኑ ሳምንታት ይቆያል። አግሪካን ሊተካ ይችላል። ኮላጅኑን ግን ኤምኤምፒ-13 የሚባለው ኢንዛይም አንዴ ከቆረጠው መመለሱ ጭንቅ ነው። ቲምፕ-3 የሚባለው ተፈጥሯዊ ገቺ እነዚህን ኢንዛይሞች ሊይዝ ይችላል፤ ጉልበታቸው ሲበዛ ግን አይችላቸውም።

አግሪካንን የሚቆርጡት ኢንዛይሞች፣ አዳምትስ-4 እና አዳምትስ-5፣ ማንነታቸው የታወቀው በ1999 ነው። በአይጥ ዋናው አዳምትስ-5 እንደሆነ በ2005 የወጡ ሁለት ጥናቶች አሳይተዋል። በሰው ላይ ግን ክርክሩ አልተቋጨም፤ አንዳንዶች ሁለቱም ድርሻ አላቸው ይላሉ።

ቲኤንኤፍን የሚያግዱ መድኃኒቶች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሩማቶይድ አርትራይተስን (የሰውነት መከላከያ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበትን በሽታ) ሕክምና ቀይረውታል። ኢንተርሉኪን-1ን ማገድ ግን ለምለም አጥንት ቀስ በቀስ በሚያልቅበት በሽታ በኦስቲዮአርትራይተስ ላይ የተጠበቀውን ያህል አልሠራም።