ፓተር ዘፈን፦ በአንድ ትንፋሽ የሚወርድ ቀልድ

ፓተር ዘፈን በኦፔራና በሙዚቃዊ ቲያትር ውስጥ ቃላት እንደ በረዶ የሚወርዱበት አስቂኝ ዘፈን ነው። ለአንድ ኖታ አንድ ክፍለ ቃል ይደርሰዋል። ኦርኬስትራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መንገድ ይለቃል።

ስሙ የመጣው ከጸሎት ነው። የላቲኑ አባታችን ሆይ «ፓተር ኖስተር» ብሎ ይጀምራል፤ በጥድፊያ ማነብነብ «ፓተር» የተባለውም ከዚያ ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። «አቡነ ዘበሰማያት» በአንድ ትንፋሽ ሲወርድ ሰምቶ ያውቃልና።

መነሻውን ወደ ጥንታዊ ግሪክ የሚወስዱም አሉ። በአሪስቶፋነስ ኮሜዲዎች ውስጥ ሳይተነፍሱ የሚሉት «ፕኒጎስ» የተባለ ክፍል ነበር። ትርጉሙ ማነቅ ነው።

ከጣሊያኖቹ የኦፔራ አቀናባሪዎች ሮሲኒ ይጠቀሳል። በ1816 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሮም ላይ በቀረበው «የሴቪሊያው ጸጉር አስተካካይ» ሽማግሌው ዶክተር ባርቶሎ በሚያሳድጋት ልጅ በሮዚና ጣት ላይ የጽሕፈት ቀለም ያያል። ወረቀት ይቆጥራል፤ አንድ ጎድሏል፤ በድብቅ ደብዳቤ ጽፋለች ማለት ነው። ከዚያ ንዴቱን በቃላት ጎርፍ ይለቀዋል።

ፓተር ዘፈን ከፍ ያለው ግን ለንደን ነው። ግጥሙን ጊልበርት፣ ዜማውን ሰሊቫን እየሠሩ ከ1871 እስከ 1896 በ14 ሥራዎች ተጣምረዋል። ዝነኛው የሜጀር ጄኔራሉ ዘፈን ነው። የሚገኘው ታኅሣሥ 31 ቀን 1879 ኒው ዮርክ ላይ በተከፈተው «የፔንዛንስ የባሕር ወንበዴዎች» ውስጥ ነው። ጄኔራሉ በሒሳቡም በታሪኩም ይኮራል። «ሎት ኦ ኒውስ» (ብዙ ወሬ) ለሚለው ቤት መምቻ ሲጠፋው ቆም ብሎ ያስባል፤ «ሃይፖተኑዝ» (የቀጤ ጎነ ሦስት ረጅሙ ጎን) ብሎ ይገጥምና ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ የማያውቀው አንድ ነገር ይወጣል፦ ውጊያ! በ1882ቱ «አዮላንቴ» ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ዳኛ ቅዠቱን እየፈጠነ ይተርካል። በ1887ቱ «ራዲጎር» ሦስት ሰዎች አብረው እየተጣደፉ፣ ይህን ልፍለፋ ሰው ባይሰማውም ግድ የለም ይላሉ።

እዚህ ላይ አልስማማም። ቃሉ ካልተሰማ ምኑ ያስቃል?

ከዚያ ወዲህ የኒው ዮርኩ የቲያትር ሠፈር ብሮድዌይ ወርሶታል። ተዋናዩ ዳኒ ኬይ በ1941 ወደ 50 የሚጠጉ የሩሲያ አቀናባሪዎችን ስም ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ደርድሯል።

በባሕር ዳር አዝማሪ ቤት ፓተር የሚባል ነገር የለም። ዘመዱ ግን አለ፣ እንዲያውም ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ፓተር ዘፋኝ ግጥሙን ቤቱ ሸምድዶ ይመጣል፣ አዝማሪ እዚያው ይፈጥረዋል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው እየደገመ ይቀበላል፤ ወዲያው በራሱ ያስከትላል። እንግዳውን በጫማው፣ በከረባቱ፣ አብራው በመጣችው ልጅ ይሸነቁጠዋል፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል።

በአማርኛ ግን ፍጥነት ገደብ አለው። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። በጣም የተጣደፈ ዘፋኝ ጥብቀቱን ይበላዋል፤ ሰሙም ወርቁም አብረው ይጠፋሉ። ለዚህ ነው አዝማሪ ስንኙን ሲጨርስ አፉን የሚዘጋው። ማሲንቆውን ብቻ ይገዘግዛል። ነገሩ የገባው ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ጎኑ ላለው ያስረዳዋል፤ ሁለተኛው ሳቅ ሲመጣ አዝማሪው ቀጣዩን ይጀምራል።