«እኔ ሥዕል አልችልም» ከማለታችሁ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮሌጅ እያለሁ አንድ ሴሚስተር ሥዕል ተምሬያለሁ። ክፍል የገባሁት ከሰፈር የለቃቀምኩትን ሐሳብ ይዤ ነው፤ አብዛኛው ስህተት ሆኖ ተገኘ። ዛሬም ከብዙ ሰው አፍ እሰማዋለሁ።

«ሥዕል ተሰጥኦ ነው፤ ያልተሰጠው አይማረውም»

ተሰጥኦ የለም አልልም። እኛን ያስቸገረን ግን እጃችን ሳይሆን ዓይናችን ነበር። መምህራችን ጠረጴዛ ላይ ጀበና አስቀምጠው «ሣሉ» አሉን። ሁላችንም ክብ ሆድ፣ ረጅም አንገት፣ አንድ እጀታ ሣልን። ከልጅነት ጀምሮ የምናውቀውን ጀበና ሣልን እንጂ ፊታችን ያለችውን አላየናትም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ «ጀበናዋን ተዉአት፤ በእጀታዋና በአንገቷ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ብቻ ሣሉ» አሉን። ያ ባዶ ቦታ ስም የለውም፤ በልማድ ልሣለው ብል አይሆንልኝም፣ የግድ ማየት ነበረብኝ። ባዶውን ስጨርስ ጀበናዋ ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለች፣ ራሷ። እጄ ያው የባለፈው ሳምንት እጄ ነው።

«ዓይን ያለው ወደ ራስ አናት ተጠግቶ ነው»

ከአናት እስከ አገጭ ለኩት፤ መሃል ላይ ነው። ግንባርን አሳንሰን ስለምንሥል ነው ፊት የሚበላሽብን።

«ላጲስ ስህተት ማጥፊያ ነው»

በከሰል ስንሥል ወረቀቱን በሙሉ አጥቁረን ብርሃኑን በላጲስ እናወጣ ነበር። የጀበናዋ ሆድ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ የላጲስ ሥራ ናት።

«ነጠላ ነጭ ነው፣ ጥላ ጥቁር ነው»

ጠዋት ፀሐይ ላይ የተሰጣ ነጠላ እጥፋቱን ልብ ብላችሁ እዩ። ጥላው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ፀሐይ ያልደረሰበትን ቦታ የሚያበራው የሰማዩ ብርሃን ስለሆነ ነው።

«የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ፊት መሣል አይችሉም ነበር»

ይህን ስሰማ ከልቤ አዝናለሁ። በባህላዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይታያሉ፤ ክፉዎች ደግሞ በጎን፣ ባንድ ዓይን። ፊደል ያልቆጠረ ምዕመን ግድግዳውን አይቶ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። እዚያው አጠገቡ ሁለት ዓይን የሣለ ሰው አንዱን የተወው አቅቶት እንዴት ይሆናል? የሥርዓቱን ቋንቋ ሳናውቅ ነው የፈረድንባቸው።

«አብስትራክት (የሚታወቅ ነገር ቅርጽ የሌለው ሥዕል) መሣል ላቃተው ሰው መሸሸጊያ ነው»

እኔም እንዲህ እል ነበር። ሠዓሊውን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ያወቅሁት በዚያ ክፍል ነው፤ በ1950ዎቹ ጀርመን ኮሎኝ የተማረ፣ አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረ፣ ገጣሚም የሆነ ሰው። ሰውን ቁልጭ አድርጎ የሣለባቸው ሥራዎች አሉት፤ ቅርጹን የተወው ሊሠራው እየቻለ ነው። በስሙ የተሰየመው ሙዚየም ስድስት ኪሎ ነው፣ ከጀርመን የተመለሱ ሥራዎቹ አሉበት። ስትሄዱ ቶሎ አትለፉ፤ አንዱ ፊት ቆማችሁ «ይህ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለጥቂት ደቂቃ ተዉትና ቀለሙ የት እንደሚወፍር፣ የት እንደሚሳሳ ብቻ እዩ።